እኔ ነኝ የቆለፍኩት

የለቅሶ ቤት ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም ነበር። የእትዬ ለተብርሃን ልጅ ከዳላስ መጥቶ አርባ ወንበር ተከራይቶ ሳሎኑና በረንዳው ላይ ደርድሯል። ሰው የተቀመጠው ሰባቱ ላይ ነው። ከሰባቱ ሁለቱ የጎረቤት ፈረንጆች ናቸው፤ ጫማ ያውልቁ አያውልቁ ግራ ገብቷቸው በር ላይ ሲተያዩ ነበር። አንዷ ያስታመመቻቸው ነርስ ነች። ሃያ ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመለኩ፣ የስንቱን ሰርግ የደገሱ፣ የስንቱን ሐዘንተኛ እጅ ይዘው የዋሉ ሴት ሞተው፣ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ያለው ቤታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ጭር ብሏል። ልጃቸው በየደቂቃው መስኮቱ ጋ እየሄደ መንገዱን ያያል።

«ፓርኪንግ አጥተው ይሆን?» አለኝ።

ፓርኪንግ ሞልቶ ተርፎ ነበር። «ከሥራ በኋላ ይመጡ ይሆናል» አልኩት። ውሸቴን ነው። እንደማይመጡ አውቃለሁ። ለምን እንደማይመጡም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

እትዬ ለተብርሃን አለቃዬ ነበሩ። ሲያትል መሃል ከተማ ያለ አንድ የክሪፕቶ ኩባንያ ውስጥ የማዕቀብ ቁጥጥር ክፍሉን ይመሩ ነበር። ስሙ ሲጠራ ያስፈራል እንጂ ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው። መንግሥት ዝርዝር አለው፤ አሜሪካ ያለ ሰው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምንም ዓይነት ግብይት እንዳያደርግ የሚል። የጦር መሣሪያ ነጋዴ አለበት፣ ሰው አፍኖ ቤዛ የሚቀበል አለበት። ደንበኛችን በእኛ በኩል ዲጂታል ገንዘብ ወደ አንድ አድራሻ ሲልክ ማሽኑ ያያል፤ አድራሻው ከዝርዝሩ ሰዎች ጋር የሚነካካ ከመሰለው አለርት፣ ማለትም ማስጠንቀቂያ፣ ይልክልናል። ከዚያ እኛ ስድስት ሰዎች እያንዳንዱን መርምረን ወይ እንለቃለን ወይ እንቆልፋለን። የተቆለፈ ገንዘብ ለላኪውም ለተቀባዩም አይሆንም። የመንግሥት ፈቃድ እስኪመጣ ባለበት ይቀመጣል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል።

አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ክረምት ከበጋ ያው ግራጫ ሹራብ። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። እኛ «መነጽሩ ወረደ» እንባባልና ኪቦርዳችንን ለቀን እንቀመጣለን። ጮኸው አያውቁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

እሳቸው ጋ ከመቀጠሬ በፊት ከሲያትል ዳር ቱክዊላ ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫንኩ በትርፍ ጊዜዬ እማር ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ስለ ሕጉ ሦስት ሌሊት አጥንቼ ሄጃለሁ። እሳቸው አንድም የሕግ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

«‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ብለህ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርከው መቼ ነው?» አሉኝ በአማርኛ።

አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ምንም አልመጣልኝም። «አላስታውስም» አልኩ።

ሳቁ። «ኦኬ። ቢያንስ አልዋሸህም» አሉና ቀጠሩኝ። የጥያቄው ትርጉም የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ሴትዮዋ ቀልደኛ መስለውኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ገንዘቡ የተቆለፈበት ደንበኛ ደውሎ ስድብ አወረደብኝ። እኔም ከአገር ቤት ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ስር ቆሜ የሰማሁትን መልስ መለስኩለት፤ «ጌታዬ፣ ሲስተሙ ነው የከለከለው።» ዞር ስል መነጽሩ ወርዷል። እትዬ ለተብርሃን ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፣ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ለሰውዬው ስማቸውን ነገሩት። «እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አሉት በእንግሊዝኛ። «ቅሬታ ካለዎት የሚጽፉት በእኔ ስም ነው።» ሰውዬው ስድቡን ጨርሶ እስኪዘጋ ድረስ አዳመጡት።

ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሶ፣ አንድ ነገር ልንገርህ ሳሚ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር አዳሽ ነበር። እሱና እናቴ ኤርትራ ተወለዱ እንጂ እኔ የፖፖላሬ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። የቀበሌው ሰው ነው። የአባቴ ወዳጅ፣ ፋሲካን እኛ ቤት የሚውል። ወረቀት ይዟል። አባቴ ‹አንተ ነህ የምትወስደኝ?› ሲለው ምን አለ መሰለህ? ‹እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ዝርዝሩ ነው።› አባቴን አውቶቡስ ላይ ጭነው ወደ ኤርትራ አባረሩት፤ እኛም በወሩ ተከተልን። ያንን ሰውዬ ስለ ወሰደው ይቅር ብዬዋለሁ፤ ታዞ ነው። ቃሉን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «እኛም ዝርዝር ይዘን ነው ሰው በር ላይ የምንቆመው። ሶ ከዚህ ክፍል ‹ሲስተሙ ነው› የሚል ቃል አይወጣም። ሰው የሚረግመውን ይወቅ። የሚወጣው ስምም የእኔ ነው፤ ለዚያ ነው የሚከፍሉኝ።»

ሁለተኛው ሕጋቸው ስልክ ነበር። አለርቱ ገና ጥርጣሬ ከሆነ፣ ከመቆለፍህ በፊት ለደንበኛው ትደውላለህ። «ማሽኑ ገንዘብ ነው የሚያየው። አንተ ድምፅ ስማ» ይሉን ነበር። ጥርጣሬው ሳይረጋገጥ ሰውዬው ትዕዛዙን ራሱ ከሰረዘ ገንዘቡ በእጁ ይቀራል። «ተረጋግጧል» ብለን ከጻፍን በኋላ ግን አለቀ። ለዚያች ለመደወያ ጊዜ ሲሉ ከኩባንያው ጠበቆች ጋር ወራት ተከራክረዋል። ጠበቆቹ ሲሰለቹ እትዬ ለተብርሃን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉና እኔን በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፤ ሞኙ እሳቸው ይሁኑ ጠበቆቹ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራው ያስፈራ እንደ ነበር አልደብቅም። አንድ ማክሰኞ ብዙ ገንዘብ የተቆለፈበት ሰው ደወለ። አይሳደብም፣ አይጮህም። ረጋ ባለ፣ ጨዋ በሆነ እንግሊዝኛ የእትዬ ለተብርሃንን ቤት የበር ቀለም ተናገረ። ጠዋት የሚሳፈሩበትን ጣቢያ ተናገረ። ልጃቸው ዳላስ ውስጥ የሚኖርበትን መንገድ ተናገረ። እትዬ ለተብርሃን ስፒከር ላይ አድርገው፣ እስክሪብቶ አንስተው እየተከተሉ ጻፉ። ሲጨርስ «አመሰግናለሁ፤ ሌላ አለ?» ብለው ጠየቁት። ስልኩ ተዘጋ።

«ሰውዬው እያስፈራራ አይደለም» አሉን። «እያነበበ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎለታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በተለያየ መንገድ እንድንመጣ አዘዙን። እኔ ለአንድ ወር ያህል መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ሥሯን አይ ነበር፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላውቀውም። ሊፍት ውስጥ የማላውቀው ሰው ከገባ እወርዳለሁ። ሚስቴ «ሥራ ቀይር» ትለኛለች። ፍርሃቱ ከቢሮው አልወጣም፤ ለመድነው እንጂ።

አሁን ወንበሮቹን ባዶ ወዳስቀረው ዓርብ ልምጣ። ስሸሸው ነው የቆየሁት።

ኅዳር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ለሥራ መውጫ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። እትዬ ለተብርሃን ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ሊንውድ ሄጄ ልጄን ከውሃ ዋና ትምህርት ማውጣት አለብኝ፤ በዝናብ ዓርብ ቀን አውራ ጎዳናው ምን እንደሚመስል ሲያትል የኖረ ያውቀዋል። አለርት ገባ። ደንበኛው አካውንት ከከፈተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ገዝቶ በአንድ ጊዜ ሊልክ ነው። የሚልክበት አድራሻ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ግን የተቀበለውን ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ወደ ሌላ አድራሻ ያሳልፋል፤ ያኛው ዝርዝሩ ላይ አለ። ሊቢያ ውስጥ ስደተኛ እያፈነ የሚሸጥ ሰው ነው።

የላኪውን ስም አየሁ። ተኽለ ይላል። የእኛ ሰው ነው። ስልኩም እዚያው ፊቴ ላይ አለ።

መደወል ነበረብኝ። ያልደወልኩበትን ምክንያት ሰው ሳልሸነግል ልናገር። የእኛ ሰው ስለሆነ ነው ያልደወልኩት። ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ጠይቄው እዘጋ ነበር። የእኛ ትልቅ ሰው ጋ ተደውሎ ግን «ማን ልበል? የማን ልጅ ነህ? ቤተሰብ ደኅና? አገርህ ከወዴት ነው?» ሳይባል ወደ ነገሩ አይገባም፤ ማቋረጥም ነውር ነው። ግማሽ ሰዓት ይሄዳል ብዬ አሰላሁ። «ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ፣ ቆለፍኩ፣ ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ። ልጄ ጋ የደረስኩት እንዲያውም አራት ደቂቃ ዘግይቼ ነው። ፀጉሯ እየተንጠባጠበ በር ላይ ቆማ «ዳድ፣ ዩ አር ሌት» አለችኝ።

እሑድ የሆነውን የሰማሁት ሰኞ ከራሳቸው ከእትዬ ለተብርሃን ነው። ጋሽ ተኽለ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው፤ ቱክዊላ የሚኖሩ፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ ሻትል የሚነዱ ሰው። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ተነሥተው ቆሙ። እጃቸው ላይ የእኛ ኩባንያ ኢሜይል ታትሞ ይዘዋል። የወንድማቸው ልጅ ሰላም ሊቢያ ውስጥ ተይዛለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነች፤ አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አፋኞቹ በስልክ ድምፅዋን አሰምተዋቸዋል፣ «አጎቴ አውጣኝ» ስትል። መኪናቸውን አስይዘው ተበድረዋል፤ ምእመኑ አዋጥቷል። ያ ሁሉ ዓርብ ማታ ተቆለፈ።

«ይሄ ኩባንያ» አሉ ጋሽ ተኽለ፣ የኩባንያውን ስም እያነበቡ፣ «እህታችን ለተብርሃን የሚሠሩበት አይደለም ወይ?»

ጉባኤው ሁሉ ዞረ። እትዬ ለተብርሃን ስለ መቆለፉ ምንም አያውቁም ነበር፤ ፋይሉን ገና አላዩትም። ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት ጋሽ ተኽለ» አሉ።

ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን ነበር። ከዚያ መነጽሩ ወረደ።

«ሶ ሳሚ፣ ኮል አድርገህላቸው ነበር?»

«አላደረግኩም።»

«ለምን?»

«ልጄን ከዋና ላወጣ ቸኩዬ...»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ኦኬ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ስልክ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ያቺን «ኦኬ» ግን ዛሬም ጥርሴን ስፍቅ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ስጠብቅ እሰማታለሁ።

ለፈቃድ ማመልከቻ የጻፉት በዚያው ሰኞ ነው። የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው ብለው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በየቀኑ ደወሉ፤ የሚያነሳው ሰው በየቀኑ ሌላ ነው። ለመርማሪዎችም አስታወቁ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ወረቀት አቀብላለሁ። የአፋኞቹ ስልክ ወደ ጋሽ ተኽለ ለአሥራ አንድ ቀን መጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልተደወለም።

ፈቃዱ አልመጣም።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ተረት ሲፈጸም ያየሁት ያኔ ነው። እትዬ ለተብርሃን ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው ቦርሳውን ይዞ ይነሣል። ሰላም ሲሉ እጅ የሚሰጣቸው ጠፋ። «ለፈረንጅ ወረቀት ልጃችንን ሸጠች» ተባለ፤ አፋኞቹ ራሳቸው ያን ያህል አልተረገሙም። ጥቂት እሑዶች እንዳለፉ ፓስተሩ አስጠርቶ «እህት ለተብርሃን፣ ሰላም እስኪወርድ ለጊዜው እቤት ቢያመልኩ» አላቸው። «እሺ» ብለው ወጡ።

ጋሽ ተኽለም ያኔ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆሙ። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ አምልኮ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ነጩን ሻትላቸውን እያመጡ የእትዬ ለተብርሃን ቤት ፊት ለፊት ያቆማሉ። ከመኪናው አይወርዱም። አምልኮ እስኪያልቅ በሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። እርግማን ይሁን ጸሎት ከውጭ አይታወቅም። አንድ እሑድ ዕቃ ላደርስ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ መጥረጊያውን እንኳ አላስነሱትም። በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ።

«ፖሊስ እንጥራ» አልኩ።

«ለምን? መንገዱ የመንግሥት ነው» አሉኝ። ሻይ ይዘውላቸው ወጥተው ያውቃሉ፤ ጋሽ ተኽለ መስታወቱን አላወረዱም።

«እንግዲያው እኔ ልንገራቸው። የቆለፍኩት እኔ ነኝ ልበላቸው።»

መነጽራቸውን አላወለቁም። «አንተን ቢጠሉ ልጅቷ ትመለሳለች? ክፍሉ የእኔ ነው ሳሚ። ሂድ፣ ልጅህን አሳድግ።»

እውነቱን ልናገር። እምቢ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የናቅሁበት ጊዜ የለም፤ ግን ተመልሼ አልሄድኩም።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። እኔ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። እያሰለስኩ እደውልላቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ስልኩ ተይዟል። ማንን እንደሚያወሩ ግራ ይገባኝ ነበር፤ የሚያናግራቸው ሰው እንደሌለ አውቃለሁና። ለካ ሰላም ከታሰረችበት የሊቢያ ቤት የወጣ ሰው እየፈለጉ ነው። ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ጋ ይደውላሉ፤ እነሱ ሌላ ስልክ ይሰጧቸዋል፤ ያ ደግሞ ሌላ። ቢሮ ውስጥ አንድን ገንዘብ ከአድራሻ አድራሻ እስከ መጨረሻው እጅ ሲከተሉ እንደኖሩት አንዲትን ልጅ ከሰው ሰው ተከተሉ።

ይህን የነገሩኝ ባለፈው ወር፣ ጉበታቸው ከታመመ በኋላ፣ አልጋ ላይ ሆነው ነው። ሲጠሩኝ እጃቸው ላይ የቀረው አጥንት ነበር።

«አገኘኋት» አሉኝ።

«ሰላምን?»

«አይ። አብራት የታሰረችውን። ስዊድን ነች።» ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅኩ። «ሰላም ከዚያ ዓርብ ሁለት ሳምንት በፊት ነው የሞተችው። ንዳድ ነው። ፊቷን ያጠበቻት ይቺ ልጅ ነች። ጋሽ ተኽለ የሰሙት የተቀዳ ድምፅ ነው። እየቀዱ ያስቀምጣሉ አለችኝ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ሐዘን አልነበረም፤ «እኔ አልገደልኳትም» የሚል ነው። እትዬ ለተብርሃን ፊቴን ያነባሉ። አንገቴን ደፋሁ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ሁለት ዓመት!» ጮህኩ መሰለኝ። «እሑድ እሑድ ጋሽ ተኽለ በርዎ ላይ ቆመው ሲረግሙዎት! ምእመኑ ሁሉ! ለምን አልነገሯቸውም?»

መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አቀበልኳቸው። አላደረጉትም፤ አጥፈው ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት።

«ከእኔ አፍ ከወጣ መርዶ አይሆንም። ራስን መከላከያ ይሆናል። ‹ለተብርሃን ራሷን ነጻ ለማውጣት ልጃችንን ገደለቻት› ይላሉ፤ ጋሽ ተኽለም አያምኑም። ሰው የልጁን ሞት ከጠላቱ አይሰማም ሳሚ። መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ፣ የሚያምኑትን ሽማግሌ ይዘህ ነው። እኔ ደግሞ የሚከተለኝ ሽማግሌ የለም።» ትንሽ አረፉ። «እኔ ስሄድ አንተ አድርገው። የስዊድኗን ልጅ ስልክ ጽፌልሃለሁ። ፓስተሩ መጀመሪያ ራሱ ይደውልላት።»

«እሺ» አልኩ።

«አሁን ግን ኮል አድርገህ ነው ታዲያ» አሉኝና ፈገግ አሉ። በሳምንቱ አረፉ።

እንግዲህ ያ የአርባ ወንበር ለቅሶ ይህ ነበር። በማግሥቱ ከቀብሩ ቀጥታ ወደ ፓስተሩ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ቆሜ ነገርኩት፤ የቆለፍኩት እኔ መሆኔንም ጨምሬ። ስዊድን ደወለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አዳመጠ። ስልኩን ሲዘጋ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ «ምን አደረግናቸው?» አለ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ቱክዊላ ደረስን። ፓስተሩ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌና እኔ። የአፓርትማውን ደረጃ ወጥተን አንኳኳን። በሩን የከፈቱት ጋሽ ተኽለ ራሳቸው ናቸው፤ ለሥራ ለብሰዋል። ፓስተሩን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ። እኔን አላወቁኝም።

«ሰምቻለሁ» አሉ ማንም አፉን ሳይከፍት። «ለተብርሃን አርፋለች። መምጣት ነበረብኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። አትፍረዱብኝ።»

«እንግባ ጋሽ ተኽለ» አለ ፓስተሩ።

«እዚሁ ንገሩኝ እንጂ፤ ሥራ እየረፈደብኝ ነው። የእሷ ነገር ከሆነ...» ቆም አሉ። ሦስታችንን አንድ በአንድ ተመለከቱን። ለለተብርሃን ሞት ተብሎ በዚህ ሰዓት ሦስት ሆኖ እሳቸው በር ላይ የሚቆም ሰው እንደሌለ ያኔ ገባቸው። እጃቸው ከበሩ ላይ ወረደ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉና እኛን ሲያዩ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ እሪ አሉ።

ሽማግሌው ሴትዮዋን ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ፓስተሩ ተንበርክኮ የሰላምን ሞት ነገራቸው። ጋሽ ተኽለ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«ድምፅዋንኮ ሰማሁ» አሉ።

«ቀድተውት ነው ጋሽ ተኽለ። ያኔ በሕይወት አልነበረችም» አለ ፓስተሩ።

«ማን አለ? ማን ነው ያወቀው?»

እኔ ነኝ የተናገርኩት። «እትዬ ለተብርሃን ናቸው ፈልገው ያገኙት። ሁለት ዓመት ያውቁ ነበር።»

«በሯ ላይ ቆሜ ስረግማት ታውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ‹ከእኔ አፍ መርዶ አይሆንም› አሉ። ደግሞ ጋሽ ተኽለ፣ ገንዘቡን የቆለፉት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ስልክዎ ፊቴ ላይ ነበር። ልደውልልዎ ይገባኝ ነበር፤ አልደወልኩም።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ እወድ ነበር። አዩኝ፤ አስተያየታቸው አንድ ሰው ከሩቅ መንገድ ላይ የቆመን ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት እንደሚያየው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገብተው ስልካቸውን አወጡ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አጥፍቶት አያውቅም» አሉ ባለቤታቸው በለቅሶ መሃል። «ሲታጠብ እንኳ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ነው የሚገባው። ሰላም ትደውላለች እያለ።»

ጋሽ ተኽለ ስልኩን መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ጣታቸው ቁልፉን ይነካና ይመለሳል፣ ይነካና ይመለሳል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንተ አጥፋልኝ» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። መስታወቱ እስኪጨልም ድረስ አምስታችንም እያየነው ቆየን።